የዌናቺ ከተማና የፖም ንግድ

በመደብር መስኮት ተደርድሮ የሚታይ ቀይ ፖም ለተመልካች የዛፍ ፍሬ ብቻ ይመስላል። ለነጋዴ ግን ከዛፉ ከተቈረጠ ብዙ ወራት ያለፉት፣ በሚዛንና በደረጃ የተለየ፣ ባሕር የተሻገረና በጕምሩክ ደጃፍ ያለፈ ሸቀጥ ነው። እንደዚህ ያለውን ሸቀጥ በማዘጋጀት ከሚኖሩት ከተሞች መካከል በአሜሪካ የምትገኘው ዌናቺ በስም የታወቀች ናት። ይህች የወንዝ ዳር ከተማ ከመቶ ዓመት በላይ ኑሮዋን በአንድ ፍሬ ላይ መሥርታ ስለ ኖረች፣ ያገኘችው ትርፍም ሆነ የደረሰባት ኪሳራ ቡናም ይሁን ብርቱካን፣ ሰሊጥም ይሁን ሙዝ ለሚነግድ ሰው የሚጠቅም ትምህርት አለው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የከተማዪቱ አቀማመጥ

ዌናቺ የምትገኘው በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ፣ በዋሺንግቶን ክፍለ ግዛት ውስጥ ነው። ይህ ክፍለ ግዛት ከአሜሪካ ዋና ከተማ ከዋሺንግቶን ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው፤ ዋና ከተማዪቱ በአትላንቲክ በኩል ስትሆን ክፍለ ግዛቱ የሚገኘው በፓሲፊክ ውቅያኖስ በኩል ነው። ከተማዪቱ የተቈረቈረችው ከተራራ የሚወርደው የዌናቺ ወንዝ ከታላቁ ከኮሎምቢያ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ነው። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ነዋሪዎቿ 35,500 ያህል ነበሩ፤ ከወንዙ ማዶ በምትገኘው በምሥራቅ ዌናቺ ደግሞ 14,000 ያህል ሰዎች ተቈጥረዋል።

በስተምዕራብ የተዘረጋው የካስኬድ ተራራ ከባሕር የሚነሣውን ዝናብ ስለሚያስቀረው ሸለቆው ደረቅ ነው። በዓመት የሚወርደው ዝናብና በረዶ ተደምሮ ከ250 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ይህም አዲስ አበባ ከምታገኘው ሩቡን እንኳ አይሞላም። ውኃ ያልደረሰው ኰረብታ ሁሉ ግራጫ ቍጥቋጦ ብቻ የሚበቅልበት ነው። ይሁን እንጂ ክረምቱ ዛፎቹን ለማሳረፍ የሚበቃ ብርድ አለው፤ በጋው ፀሐያማ ነው፤ በመከር ወራት ቀኑ ሞቃት ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሚሆን የፍሬው ቅላት ይደምቃል። የአየሩ ድርቀትም ከርጥበት የሚመጣውን የቅጠልና የፍሬ በሽታ ይቀንሳል። ስለዚህ ሸለቆው ለፖም የጐደሉት ሁለት ነገሮች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ውኃና ገበያ ናቸው።

በዚያ ስፍራ ከጥንት ጀምሮ ይኖር የነበረው የዌናቺ ሕዝብ ሳልሞን የተባለውን ዓሣ በማጥመድ የሚተዳደር ነበር። በ1855 በተጻፈው ውል ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆን መሬት እንዲከለልለት ቃል ተገብቶለት ሳለ መሬቱ በእጁ ሳይገባ ቀረ። የዛሬዪቱ ከተማ ስሟን የወረሰችው ከዚህ ሕዝብ ነው።

ባቡርና ቦይ

ገበያውን ያመጣው የምድር ባቡር ነው። ግሬት ኖርዘርን የተባለው ኩባንያ ሐዲዱን በ1892 ወደ ዌናቺ አደረሰ፤ በቀጣዩም ዓመት በተራራው ላይ ያለው መሥመር ተፈጽሞ ሐዲዱ እስከ ፓሲፊክ ዳርቻ ተገናኘ። ከዚህ በኋላ በሸለቆው የተለቀመ ፍሬ በአንድ በኩል ወደ ባሕር ወደብ፣ በሌላ በኩል በምሥራቅ ወዳሉት ታላላቅ ከተሞች ሊጓዝ ቻለ።

ውኃውን ያመጣው ደግሞ ቦይ ነው። ኮሎምቢያ ወንዝ ከከተማዪቱ ሥር ቢፈስስም ከአትክልቱ ቦታ በታች ስለ ሆነ በዚያን ዘመን ወደ ላይ ሊሳብ አልተቻለም። ስለዚህ የላይኛው ቦይ ተብሎ የሚጠራው መሥመር ከዌናቺ ወንዝ ተጠልፎ በኰረብታው ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ እንዲመጣ ተደረገ፤ ሥራውም በ1903 ተፈጸመ። በ1908 ደግሞ በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ የብረት ድልድይ ተሠራ። ይህ ድልድይ ሰውንና ጋሪን ከማሻገሩም በላይ የመስኖ ውኃ የሚያልፍበትን ቧንቧ ተሸክሞ ማዶ ያለውን ደረቅ ምድር አጠጣ። ምሥራቅ ዌናቺ የተወለደችው በዚህ ቧንቧ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ድልድዩ ዛሬም ቆሞ እግረኞችና ባለ ብስክሌቶች ይሻገሩበታል፤ በወንዙ ግራና ቀኝም 16 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የመናፈሻ መንገድ ተዘርግቷል።

ከዚህ ላይ ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ዛፍ መትከል ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ከዛፉ በፊት ውኃውን፣ ከዛፉ በኋላ መጓጓዣውን ማዘጋጀት ነው። ዌናቺ ሁለቱን ያገኘችው በዐሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ነው። ቀድሞ የከብት ግጦሽ እንኳ የማይሆነው መሬት ዋጋ ያወጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

የሸለቆው ዓመት

የከተማዪቱ ኑሮ የሚቈጠረው በፖሙ ዛፍ ወራት ነው። በክረምት ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራግፈው ሲያርፉ ገበሬዎች ቅርንጫፎቻቸውን ይገርዛሉ። በሚያዝያ ወር ሸለቆው በነጭና በሮዝ አበባ ይሸፈናል፤ ከመቶ ዓመት በላይ የቈየው የፖም አበባ በዓልም በዚያው ሰሞን በሰልፍና በሙዚቃ ይከበራል። የንብ ባለቤቶች ቀፎዎቻቸውን እያከራዩ በአትክልቱ መካከል ያስቀምጣሉ፤ ንብ ካልዞረ አበባው ፍሬ አይሆንምና።

የበዓሉ ወራት ግን የጭንቀትም ወራት ነው። አበባው በፈነዳ ጊዜ አንድ የውርጭ ሌሊት የዓመቱን ገቢ ሊያጠፋ ይችላል። በቀድሞው ዘመን ገበሬዎች በየረድፉ መካከል የዘይት ምድጃ እያነደዱ ያድሩ ስለ ነበር ሸለቆው በማለዳ በጥቁር ጢስ ተሸፍኖ ይታይ ነበር። በኋላ ከፍ ባለ ምሰሶ ላይ የተተከሉ ትላልቅ ማራገቢያዎች ተተኩ። እነዚህም ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ወደ ታች እየገፉ ከምድር ላይ ካለው ብርድ ጋር ያደባልቁታል። አንዳንዶች በዛፎቹ ላይ ውኃ ይረጫሉ፤ ውኃው ወደ በረዶ ሲለወጥ የሚለቀው ሙቀት እምቡጡን ያድነዋልና።

ፍሬው ከያዘ በኋላ ማሳሳት ይከተላል። የፖም አበባ አምስት አምስት ሆኖ በአንድ ዘለላ ስለሚወጣ ሁሉ ቢቀር ፍሬው ትንንሽ ይሆናል፤ ዛፉም ደክሞ በሚመጣው ዓመት ሳያፈራ ይቀራል። ስለዚህ ከየዘለላው አንድ ያህል ብቻ እየተተወ ሌላው ይነሣል። የገበያውን ትልቅ ፍሬ ለማግኘት ብዙውን ትንሽ ፍሬ መሬት ላይ መጣል ያስፈልጋል ማለት ነው።

መከሩ ከነሐሴ ወር መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር መግቢያ ይዘልቃል። ለትኵስ ገበያ የሚሆን ፖም ዛሬም የሚለቀመው በእጅ ነው። ለቃሚው በደረቱ ላይ ከረጢት አንጠልጥሎ፣ በመሰላል ወጥቶ ፍሬውን ከነዘንጉ ይቈርጣል፤ ከረጢቱ ሲሞላ 400 ኪሎ ገደማ በሚይዝ ትልቅ ሣጥን ውስጥ በዝግታ ይገለብጣል። በጥድፊያ የተጣለ ፍሬ በዕለቱ ደኅና ቢመስልም ሰንብቶ ይጠቍራል። ለቃሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው፤ ከእነርሱም ከፊሎቹ ለወራት ብቻ በሚሰጥ የሥራ ፈቃድ ገብተው መከሩ ሲያልቅ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ብዙዎችም እዚያው ቀርተው ቤተ ሰብ መሥርተዋል፤ ዛሬ ከከተማዪቱ ነዋሪዎች ሲሶ ያህሉ ከላቲን አሜሪካ ዘር የሆኑ ናቸው። በገበያ ጎዳናዋም የስፓኝ ቋንቋ ከእንግሊዝኛው እኩል ሲነገር ይሰማል።

ቀዝቃዛው መጋዘን

ፖም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለቀማል፤ ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ ይበላዋል። የፍሬ ንግድ ሁሉ ችግር በዚህ ቃል ይጠቃለላል። መከሩ በገባ ጊዜ ሁሉም ቢሸጥ ዋጋው ይወድቃል፤ ቢቀመጥ ደግሞ ይበሰብሳል።

ፍሬ ከዛፉ ከተለየ በኋላም ይተነፍሳል። ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ በውስጡ ያለውን ስኳር ያቃጥላል፤ እየበሰለም ይለሰልሳል። ብርድ ይህን ትንፋሽ ያዘገየዋል። የእንግሊዝ ሊቃውንት ኪድና ዌስት በ1920ዎቹ ዓመታት እንዳስረዱት ደግሞ የአየሩ ይዘት ሲለወጥ ትንፋሹ ይበልጥ ይዘገያል። በዚሁ ብልሃት መሠረት በዌናቺ የሚገኙት መጋዘኖች ክፍሎች አየር እንዳያስገቡ ሆነው ይዘጋሉ፤ ሙቀታቸው ወደ ዜሮ ዲግሪ ይወርዳል፤ በተራ አየር ውስጥ 21 በመቶ የሆነው ኦክሲጅን ወደ 1 ወይም 2 በመቶ ዝቅ ይላል። በዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ቢገባ ወዲያው ስለሚሞት በሩ ታሽጎ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ይለጠፍበታል። ፖሙ ግን እንደ ተኛ ወራት ያሳልፋል፤ በመስከረም የተለቀመው በሰኔ ሲወጣ ገና ጠንካራ ነው።

ለዚህ ሁሉ ብዙ የኤሌክትሪክ ኀይል ያስፈልጋል፤ ይህንንም የሚሰጠው ያው ወንዝ ነው። ከከተማዪቱ በታች የሚገኘው ሮክ አይላንድ የተባለው ግድብ በ1933 ሲፈጸም የኮሎምቢያን ወንዝ ከዳር እስከ ዳር የዘጋ የመጀመሪያው ግድብ ሆነ፤ ከከተማዪቱ በላይ ያለው ሮኪ ሪች ደግሞ በ1961 ሥራ ጀመረ። ርካሹ ኀይል በ1952 የአሉሚኒየም ፋብሪካንም ወደ ሸለቆው ስቦ ነበር። ይህ ፋብሪካ ግን በ2015 መጨረሻ ሥራውን አቆመ፤ በ2021ም ለዘለቄታው እንዲዘጋ ተወሰነ። ፋብሪካው ሲዘጋ የከተማዪቱ ዋና መተዳደሪያ እንደ ገና የፍሬው ንግድ ሆኖ ቀረ።

ደረጃ፣ ቍጥርና ምልክት

ፍሬው ከቀዝቃዛው ክፍል ሲወጣ ወደ ማሸጊያ ቤት ይሄዳል። እንዳይቀጠቀጥ በውኃ ላይ እየተንሳፈፈ ይገባል፤ ይታጠባል፤ በስስ ሰም ይቀባል። የፎቶግራፍ መሣሪያዎች እያንዳንዱን ፍሬ በሁሉም ወገን አንሥተው ቀለሙን፣ መጠኑንና ጕድለቱን ይለያሉ። ከዚያም 40 ፓውንድ፣ ማለት 18 ኪሎ ያህል በሚይዝ ካርቶን ይታሸጋል።

አስመጪ የሆነ ሰው በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቍጥር ማንበብ አለበት። 88፣ 100 ወይም 113 የሚለው ቍጥር ዋጋም ክብደትም አይደለም፤ በአንዱ ካርቶን ውስጥ ስንት ፍሬ እንደሚገኝ ያመለክታል። ስለዚህ ቍጥሩ ከፍ ሲል ፍሬው ያንሳል። በሚዛን ለሚሸጥ ቸርቻሪ ልዩነቱ ብዙ ላይሆን ይችላል፤ በፍሬ ቈጥሮ ለሚሸጥ ባለ ሱቅ ግን ትርፉ በሙሉ በዚህ ቍጥር ላይ ነው። በፍሬው ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት የሚገኙት አራት አኃዞችም ዐይነቱን ይናገራሉ፤ ለምሳሌ 4016 ማለት ትልቁ ሬድ ዴሊሽየስ ነው።

የዋሺንግቶን ክፍለ ግዛት ለፖሙ ያወጣው የደረጃ ሕግ ከአሜሪካ አጠቃላይ ደረጃ የጠበቀ ነው። ገዥው ካርቶኑን ሳይከፍት በደረጃው ስም ብቻ ተማምኖ እንዲያዝ ያስቻለውም ይኸው ነው። በእንጨት ሣጥን ይታሸግ በነበረበት ዘመን እያንዳንዱ የማሸጊያ ማኅበር በኅብረ ቀለም የታተመ ሥዕል ይለጥፍ ነበር፤ ማንበብ የማይችል ገዥ እንኳ በሥዕሉ ይለየው ነበር። በ1937 ደግሞ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የዋሺንግቶን የፖም ኮሚሲዮንን በሕግ አቋቋመ። ገበሬው በየሣጥኑ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣል፤ ኮሚሲዮኑም በዚያ ገንዘብ የሁሉንም ፍሬ በአንድ ስም ያስተዋውቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ አንድ ገበሬ ብቻውን ሊያደርገው የማይችለውን በሺህ የሚቈጠሩ ገበሬዎች በአንድነት አደረጉት። ዌናቺም የዓለም የፖም ዋና ከተማ የሚለውን ስም ተሸከመች።

ቀለም ጣዕምን ባሸነፈ ጊዜ

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ግን ለላኪ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው። ሬድ ዴሊሽየስ የተባለው ፖም በመጀመሪያ የተገኘው በአዮዋ ክፍለ ግዛት በአንድ ገበሬ አትክልት ውስጥ ሲሆን፣ ጣዕሙ ስለ ተወደደ በ1890ዎቹ ዓመታት አንድ የችግኝ ነጋዴ ኩባንያ መብቱን ገዝቶ አስፋፋው። በዚያን ጊዜ ፍሬው ቀይ መሥመር ያለበት እንጂ ሙሉ በሙሉ የቀላ አልነበረም።

የደረጃው ሕግ ግን የቅላቱን መጠን ይመለከት ነበር። የቀላው ፍሬ ከፍተኛ ደረጃ ያገኛል፤ ከፍተኛ ደረጃ ያገኘው ብዙ ዋጋ ያወጣል። ገበሬውም ይህን ስላወቀ አልፎ አልፎ ከሌላው ቀልቶ የሚታይ ቅርንጫፍ ባገኘ ቍጥር ከዚያ ላይ እየወሰደ ያዳቅል ጀመር። ከዓመት ወደ ዓመት ፍሬው ይበልጥ እየቀላ፣ ቀደም ብሎም እየቀላ ሄደ። ከመብሰሉ አስቀድሞ ስለሚቀላም ሳይበስል የሚለቀምበት ጊዜ በዛ። ቆዳው ወፈረ፤ መንገድና መጋዘን ቻለ፤ በመስኮትም አማረ። ጣዕሙን ግን የሚለካ አልነበረም፤ ያልተለካውም ነገር ጠፋ።

በ1980ዎቹ ዓመታት ከዋሺንግቶን ፖም ሦስት አራተኛው ያህል ይህ አንድ ዐይነት ነበር። በዚያው ጊዜ ከኒው ዚላንድ የወጣው ጋላ፣ ከጃፓን የወጣው ፉጂ ወደ ገበያ መግባት ጀመሩ። እነዚህ ቅላታቸው ያነሰ፣ ጣዕማቸው ግን የበለጠ ነበር። ገዥው በዐይኑ ሲገዛ ኖሮ በአፉ መግዛት ጀመረ። በ1997 የእስያ አገሮች የገንዘብ ችግር ላይ ሲወድቁ ወደዚያ የሚላከው ቀነሰ፤ ከቻይና በርካሽ የሚገባው የፖም ጭማቂም ለጭማቂ የሚሸጠውን የተረፈ ፍሬ ዋጋ አወረደው። ገበሬዎች በተከታታይ ዓመታት በብዙ መቶ ሚሊዮን የሚቈጠር ዶላር ከሠሩ፤ በ2000ም የአሜሪካ ምክር ቤት የገንዘብ ርዳታ ፈቀደላቸው።

የገበሬው ጕዳት የበዛበት ምክንያት የንግዱ አሠራር ነው። በዚያ አገር ልማድ ገበሬው ፍሬውን ለማሸጊያ ቤት ሲያስረክብ ዋጋው አይታወቅም። ፍሬው ከወራት በኋላ ሲሸጥ አስቀድሞ የመጋዘኑ፣ የማሸጊያውና የሻጩ ወጪ ይቀነሳል፤ የቀረው ለገበሬው ይሰጣል። ዋጋው ከወጪው በታች ሲሆን የሚቀረው ነገር ስለማይኖር ገበሬው ጭራሽ ባለ ዕዳ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ብዙ ትንንሽ አትክልቶች ከአባት ወደ ልጅ መተላለፋቸው ቀርቶ ለትልልቅ ባለ መጋዘኖች ተሸጡ፤ የቀሩትም ዛፎቻቸውን ነቅለው ሌላ ዐይነት ለመትከል ተገደዱ። አዲስ ዛፍ ደኅና ምርት እስኪሰጥ ድረስ ደግሞ ዓመታት ይወስዳል። ለረጅም ዘመን አንደኛ ሆኖ የኖረው ሬድ ዴሊሽየስ በ2018 በአሜሪካ የምርት ብዛት በጋላ ተበለጠ።

ከሩቅ የሚመጣ ነፋስ

ኑሮዋ በአንድ ሸቀጥ ላይ የቆመ ከተማ በሩቅ አገር በሚደረግ ነገርም ትናወጣለች። በየካቲት 1989 አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ አላር የተባለው በፖም ዛፍ ላይ የሚረጭ መድኃኒት የካንሰር በሽታ ሊያመጣ ይችላል ብሎ አሰማ። ብዙዎቹ ገበሬዎች መድኃኒቱን ያልተጠቀሙ ቢሆኑም ገዥው የአንዱን ፍሬ ከሌላው ሊለይ ስላልቻለ ሁሉንም ተወ። በአንድ ስም መሸጥ በደኅና ቀን ረዳት እንደ ሆነ ሁሉ በክፉ ቀን ጕዳቱንም ለሁሉ ያካፍላል።

የቀረጥ ነገርም እንዲሁ ነው። በ2018 ሜክሲኮ በአሜሪካ ፖም ላይ 20 በመቶ ቀረጥ ጥላ እስከሚቀጥለው ዓመት አጋማሽ አቈየችው። በ2019 ደግሞ ህንድ 50 በመቶ የነበረውን ቀረጥ ወደ 70 በመቶ ከፍ አደረገች። የጠቡ መነሻ ብረትና አሉሚኒየም እንጂ ፖም አልነበረም፤ ነገር ግን ከታላላቆቹ ገዥዎች አንዷ የነበረችው የህንድ ገበያ ለዋሺንግቶን ፖም ሊዘጋ ጥቂት ቀረው፤ ቦታውንም የሌሎች አገሮች ፖም ያዘ። ተጨማሪው ቀረጥ በ2023 ቢነሣም በአራት ዓመት ውስጥ ደንበኛው ሌላ ሻጭ ለምዶ ነበር።

አየሩም አልታመነም። በ2021 በሰኔ መጨረሻ የሸለቆው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ወጥቶ በዛፍ ላይ ያለ ፍሬ በፀሐይ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ በዛፎቹ ላይ የጥላ መረብ የሚዘረጉ ገበሬዎች እየበዙ ሄደዋል። የቀድሞ ሥራ ትቶት የሄደ ሌላ ጣጣም አለ፤ እስከ 1940ዎቹ ዓመታት ትልን ለማጥፋት ሲረጭ የኖረው የእርሳስና የአርሴኒክ መድኃኒት ዛሬም በአሮጌ አትክልት አፈር ውስጥ ስለሚገኝ፣ በዚያ ላይ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ሲሠራ አፈሩ መመርመር አለበት።

አዲሱ ፖም

ዌናቺ ከኪሳራዋ የወሰደችው ትምህርት በአዲስ ዐይነት ፖም ላይ ይታያል። በከተማዪቱ በሚገኘው የዋሺንግቶን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፍራፍሬ ምርምር ጣቢያ በ1997 ኢንተርፕራይዝና ሃኒክሪስፕ የተባሉት ሁለት ፖሞች ተዳቀሉ። ከዚያ የተገኘው ዛፍ ከሃያ ዓመት በላይ ከተፈተነ በኋላ ፍሬው ኮስሚክ ክሪስፕ በሚል ስም በታኅሣሥ 2019 ለገበያ ቀረበ።

በዚህ ጊዜ የተፈተነው ቀለሙ ብቻ አልነበረም። ስኳሩና ኮምጣጤው ተመዘነ፤ ጥንካሬው በመሣሪያ ተለካ፤ ሰዎች እንዲቀምሱት ተደረገ፤ በመጋዘን ብዙ ወራት ከቈየ በኋላም እንደ ገና ተቀመሰ። ችግኙ ለመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት በአሜሪካ ውስጥ ለዋሺንግቶን ገበሬዎች ብቻ እንዲሰጥ ተወሰነ። ፈላጊው ስለ በዛም በመጀመሪያ የወጣው ችግኝ በ2014 በዕጣ ተከፋፈለ። ከዛፉና ከሽያጩ የሚገኘው ክፍያም ለዩኒቨርሲቲው ይገባል።

ይሁን እንጂ ሥጋት አልቀረም። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ከ10 ሚሊዮን የበለጠ ዛፍ ስለ ተተከለ ምርቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጅጉ በዝቷል። ብዙ ምርት ደግሞ ዋጋን ይጫናል። አንዱን ዐይነት ሁሉም ሲተክለው ምን እንደሚደርስ የሸለቆው ሽማግሌዎች በሬድ ዴሊሽየስ ጊዜ አይተዋል። ስለዚህ ብዙዎች ከፖሙ ጐን ቼሪና ፒር የተባሉትን ፍራፍሬዎች ያለማሉ፤ በአንዱ ቢከስሩ በሌላው ይካካሳልና።

ለነጋዴ የሚሆነው ትምህርት

ከዌናቺ ታሪክ ሦስት ነገሮች ይወሰዳሉ። የመጀመሪያው፣ የፍሬ ሀብት በዛፉ ላይ አያልቅም፤ ውኃ፣ መንገድ፣ ቀዝቃዛ መጋዘንና የታመነ ደረጃ ከሌሉ የተትረፈረፈ መከር ራሱ ኪሳራ ነው። በጋሞ ደጋ በጨንቻ አካባቢ የሚለማው ፖም ወደ ገበያ ሲወርድም ከዛፉ ይልቅ የሚፈትነው ይኸው ነው። በደንብ ያልተለየና በከረጢት ታጭቆ የተጫነ ፍሬ፣ ጣዕሙ ቢያምርም እንኳ፣ ከባሕር ማዶ በካርቶን ተሰልፎ ከመጣው አጠገብ ዋጋውን ያጣል።

ሁለተኛው፣ የጋራ ስም የጋራ ንብረት ነው። አንዱ ቢያጐድፈው ሁሉም ይጐዳል፤ ስለዚህ ጠባቂና ተቈጣጣሪ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ደረጃ መለካት የሚገባው ገዥው የሚፈልገውን ነገር ነው። የዌናቺ ገበሬ ሰነፍ ወይም አታላይ ሆኖ አልከሰረም፤ የተነገረውን መለኪያ በታማኝነት ተከትሎ ነው። መለኪያው ቅላትን ከፈለገ ገበሬው ቅላትን አበቀለ፤ በላተኛው ግን የሚፈልገው ጣዕምን ነበር። በዚህ ረገድ የአገራችን የቡና ንግድ አንድ መልካም ልማድ አለው። ቡናው በዐይን ታይቶ ብቻ አይፈረድበትም፤ ተቈልቶ፣ ተፈልቶ፣ በቀማሽ አፍ ይመሰከርለታል። ቅመማ ቅመም፣ ማር፣ ፍራፍሬ ወይም ቅባት እህል የሚልክ ነጋዴም ዕቃውን ከመጫኑ በፊት ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው፤ ዕቃው የተመዘነበት መለኪያ በመጨረሻ የሚበላው ሰው ከሚፈርድበት መለኪያ ጋር ይስማማልን? ካልተስማማ የዛሬው ከፍተኛ ደረጃ የነገን ደንበኛ አያቈየውም።